ማን አጠፈው?

«ይህን ማን ነው እንዲህ ያጠፈው?»

ጥያቄው ከኋላዬ የመጣው በአማርኛ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ ምድር ቤት ቆሜ፣ ከከረጢት ተጎልጉሎ የወጣ ቀይ ጨርቅ በክርኔ ወደ ውስጥ እየገፋሁ የመኪናዬን ትራንክ ለመዝጋት እታገላለሁ። ዘወር ስል፣ መውጫው አጠገብ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጠው ሒሳብ የሚቀበሉት ሽማግሌ ናቸው። ስምንት ወር ሙሉ በየምሽቱ ገንዘብ ሰጥቻቸው፣ «እንደምን አመሹ» ብያቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለውኝ አልፌያለሁ። ከዚያ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ዣንጥላ ነው?»

«አይደለም ጋሼ፤ ካይት ነው። በነፋስ የሚሄድ ጋሪ አለ፤ እሱን የሚጎትተው ነው።»

ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት። አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት። የፊት ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን ክፍት አፎች አዩና «ነፋሱ የሚገባው በዚህ ነው» አሉ። እየጠየቁኝ አልነበረም። ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለ።

«ልጄ፣ እንዲህ የታጠፈ ነገር ሰው ይገድላል።»

ካይቱን አውጥተው ባዶ በነበሩት ሁለት የመኪና ቦታዎች መካከል ሲሚንቶው ላይ ዘረጉት። መጀመሪያ አራቱን ገመዶች ለያዩ። ሲፈቱ አይጎትቱም፤ ቋጠሮው ራሱ እስኪላላ እያወዛወዙ ይጠብቁታል። መኪና በመጣ ቁጥር ተነሥተው ወደ መስታወቷ ክፍል ይሄዳሉ፣ ሒሳብ ተቀብለው ይመለሳሉ፣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከዚያ አየሩን በመዳፋቸው ከኋላ ወደ ፊት እየገፉ በአፎቹ አስወጡትና ጨርቁን በርዝመቱ፣ ቀጥሎም በወርዱ አጠፉት። ሲጨርሱ ግማሽ ክንድ የማይሞላ ጥቅል ሆነ። በመጨረሻ ከኪሳቸው አንድ የፓርኪንግ ቲኬት አወጡ። ጀርባው ላይ ቀኑን ጻፉ፤ «አጣፊ» ብለው ስማቸውን አስቀመጡ፤ ፈረሙ። ወረቀቷን ከጨርቁ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ከተቷት።

«የሚከፍተው ሰው ማን እንዳጠፈው ማወቅ አለበት» አሉኝ።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ጥቅምት ላይ ነው። ጋሼ ደብረ ዘይት፣ አየር ወለድ ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዣንጥላ ሲያጥፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ዝላይም ዘለዋል፤ ሙያቸው ግን ማጠፉ ነበር። አጣፊ ማለት ራሱ መሬት ላይ ሆኖ የሌላውን ነፍስ የሚይዝ ሰው ነው። ካጠፋቸው ዣንጥላዎች አንዱን «አንተው ልበሰውና ዝለል» ቢሉት እሺ ማለት አለበት፤ ጋሼም እያንዳንዱን ያጠፉት ነገ ራሳቸው እንደሚዘሉበት አስበው እንደነበር ነግረውኛል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እጃቸው ሥራ ፈታ። ከዚያ ስደት፣ ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያ የመስታወቷ ክፍል። እኔ ደግሞ ስምንት ወር ገንዘብ ስከፍላቸው፣ ድሮ ምን ይሠሩ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካይቱ ለምን ተጨማድዶ እንደነበር ያን ምሽት አልደበቅኳቸውም። ከሳምንት በፊት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከመኖሪያዬ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጀርባ፣ ብቻዬን ሞክሬ ነበር። ጋሪውንና ካይቱን ከከተማው የሚለቅ አንድ አሜሪካዊ በርካሽ ሸጦልኝ ነው። ጋሪው ሦስት ጎማ ያለው፣ መቀመጫው ከመሬት አንድ ስንዝር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ፣ ሞተርም ፔዳልም የሌለው የብረት ነገር ነው። ሜዳው ላይ ስቆም ነፋሱ ለስላሳ መሰለኝ። ያልገባኝ ነገር፣ ዙሪያውን የቆሙት ዛፎች ከታች ያለውን ነፋስ አንቀውት፣ ከጫፋቸው በላይ ግን እንዳሻው እየነፈሰ መሆኑ ነው። ካይቱ የዛፎቹን ቁመት እንዳለፈ ከመቀመጫዬ ነቅሎ አወጣኝ፤ በትከሻዬ ሣሩ ላይ ጎተተኝ። እጀታዎቹን ስለቅ፣ ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰረውን የማዳኛ ጠፍር አላሰርኩም ነበርና፣ ጨርቁ ብቻውን በርሮ አጥር ላይ ተሰቀለ። እፍረቴንም ጨርቁንም አንድ ላይ ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቅኳቸው።

ለምን ጋሪውን እንደፈለግሁት ሲጠይቁኝ ስለ ሽሮ ሜዳ ነገርኳቸው። ያደግሁት እዚያ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ልጆች ሳንቃ ቆርጠን፣ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለምነን፣ ጋሪ እንሠራ ነበር። የፊተኛው አግዳሚ እንጨት መሐሉ ላይ በአንድ ቡሎን ይያዝና ግራና ቀኙን በእግራችን እየገፋን እንዘውረዋለን። የኩሽኔታው ጩኸት አስፋልቱ ላይ ከሩቅ ይሰማል፤ እናቶች ከየበሩ ይወጣሉ። ካይት ደግሞ ከፌስታልና ከስንደዶ እንሠራለን፤ ክሩን የምናገኘው ከሸማኔዎቹ ነው። የሽሮ ሜዳ ልጅ ክር አይቸግረውም። የተረፈ ድር ቀጥለን ቀጥለን ፌስታሏን ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ስናወጣት፣ በጣታችን ላይ የሚሰማን ያ ትንሽ ጉተታ ሌላ ጨዋታ የማይሰጠው ነገር ነበረው። ሁለቱ ጨዋታዎች አንድ ላይ ሊገጠሙ እንደሚችሉ ያኔ ማንም አልነገረንም። በአንድ የክረምት ቀን አትላንቲክ ዳር፣ ባዶ አሸዋ ላይ፣ ሰው በካይት የሚጎተት ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ ባየሁ ጊዜ ግን ሽሮ ሜዳ በአንድ አፍታ ከፊቴ ቆመች።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። «ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን አንድ ሆነ። የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ ትንሽ ተኝተው፣ ከኪንግ ስትሪት ቢጫውን መስመር ይዘው ቀዩን ቀይረው ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ይወርዳሉ። በአንድ እጃቸው የሻይ ፔርሙዝ፣ በሌላው እጃቸው የልብስ መስፊያ ዕቃ የያዘች ቆርቆሮ። ሕጋቸው ከባድ ነበር፤ ካይቱን ቆሜ እስክገዛው ድረስ ጋሪው ላይ መቀመጥ የለም። ትልቁን ካይት አስቀምጠው ሁለት ሜትር ካሬ የሆነ ትንሽ አስገዙኝ። ክረምቱን በሙሉ ጋሪው ጓዳዬ ውስጥ ተገልብጦ ከረመ።

የመጀመሪያ ትምህርቴ ማውረድ ነበር። አራት ገመድ ያለው ካይት በሁለቱ የላይ ገመዶች ይሸከማል፣ በሁለቱ የታች ገመዶች ፍሬን ይይዛል። የታቹን ስትስበው ጨርቁ አየሩን ይተፋና ጀርባውን ሰጥቶ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። ይህን ጋሼ ሳያሰልሱ አስደገሙኝ። ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ፤ እሳቸው ሲወርድ ማየት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን በፓርኪንግ ቲኬት ጀርባ ላይ ሌላ ነገር ጻፉልኝ፦ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚጎትትህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። አምስት ማይል የነበረው አሥር ማይል ሲሆን «ትንሽ ጨመረ» ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤቱ ጀርባ ምን እንደደረሰብኝ የገባኝ ያኔ ነው።

የሰዓቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በአሜሪካኖቹ የካይት ትምህርት ሰማዩ እንደ ሰዓት ፊት ይከፈላል፤ አናት ላይ 12፣ በቀኝ 3፣ በግራ 9። ይህንን አንብቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድ የየካቲት ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ጆንስ ፖይንት ፓርክ ነበርን። በ1856 ለመጀመሪያ ጊዜ የበራች ትንሽ የእንጨት የመብራት ቤት እዚያ ፖቶማክ ዳር አለች፤ በ1791 የዋሽንግተን ከተማ ወሰን ሲቀየስ የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ የተተከለውም እዚያው ነው። ነፋሱ ከወንዙ ላይ ዛፍ ሳይነካው ይመጣል። ካይቱ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ሲንቀጠቀጥ ጋሼ ጮኹ፦ «ስድስት ሰዓት! ስድስት ሰዓት ላይ አውጣው!»

ለእሳቸው ስድስት ሰዓት ማለት ቀትር ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንበት። ለእኔ፣ በዚያች ቅጽበት፣ ስድስት የሰዓቱ ፊት ግርጌ ነበር። ካይቱን በመሐል ሰንጥቄ ወደ መሬት ላክሁት። የነፋሱ ጉልበት ሁሉ የሚከማቸው ደግሞ እዚያው መሐል ነው። በጉልበቴ አሥር እርምጃ ያህል ጎተተኝና ካይቱ በአፍንጫው መሬት መታ፤ ውስጡ የታመቀው አየር መውጫ አጥቶ የአንዱን ክፍል ስፌት ተረተረው። ጋሼ ሮጠው መጥተው መጀመሪያ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ጨርቁን አዩ። ወዲያው ምን እንደተሳሳትን ገባቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያልተስማማንበትን ቃል ተናገርኩ» አሉ። ስፌቱን ቤታቸው ወስደው ሲመልሱት የቱ ጋ እንደተቀደደ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሳችን የሰማይ ስም ሆነልን፤ ግራው ማለዳ፣ አናቱ ቀትር፣ ቀኙ ሠርክ። እስከ ዛሬ የምጠቀምበት እሱን ነው፤ ከቁጥሩ የተሻለም ይመስለኛል። ማለዳና ሠርክ ላይ ነፋሱ ለዘብ ይላል፣ ቀትር ላይ ካይቱ ቆሞ ይጠብቅሃል። አደጋው ያለው ከቀትር በታች፣ ፊት ለፊትህ ነው።

በመጋቢት መጨረሻ የቼሪ አበባ ሲፈነዳ ዋሽንግተን ሐውልት ግርጌ ወደሚደረገው የካይት በዓል ይዣቸው ሄድኩ። ያን በዓል በ1967 የጀመረው የስሚዝሶኒያኑ ፖል ጋርበር ነው። ጋርበር ገና ልጅ ሳለ በ1909 ፎርት ማየር ሄዶ ኦርቪል ራይት ሲበርር አይቷል። ካይት ሲያበርር አንድ ጢማም ሰውዬ አስቁመውት የገመዱን አስተሳሰር አስተካክለውለታል፤ ሰውዬው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነበሩ። የሚገርመው ግን በዋሽንግተን መንገዶችና አደባባዮች ካይት ማብረርን የሚከለክል የ1892 ሕግ እስከ 1970 ድረስ ሳይሻር መቆየቱ ነው። በዓሉ ሲጀመር ሕጉ ገና አልተነሣም ነበር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሰማዩን ሞልተው ወደሚውለበለቡት ካይቶች ቀና ብለው ቆዩና «አንድ ሰው ቆሞ ያልለቀቀው ነገር ነው» አሉ። ከዚያ የልጆች ገመድ ሲተበተብ እያዩ መቆም አልቻሉም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ፣ ቋንቋቸውን ከማያውቁ ልጆች ጋር ሣሩ ላይ ተንበርክከው፣ ሳይጎትቱ እያወዛወዙ፣ ቋጠሮ ሲፈቱ ዋሉ።

ስለ ዣንጥላና ስለ ካይት ዝምድና ስነግራቸው ደስ እንዳላቸው አስታውሳለሁ። እሳቸው ያጥፉት የነበረው ክብ ዣንጥላ ነው። እኔ የያዝኩት ካይት ግን አጥንት የሌለው፣ በክፍል በክፍል የተሰፋ፣ በፊት አፎቹ አየር ሲገባ የክንፍ ቅርጽ የሚይዝ ነው። ይህን በ1964 የፈጠረው ዶሚና ጃልበርት የሚባል ሰው ነው፤ ዛሬ ዘላዮች የሚለብሱት አራት ማዕዘን ዣንጥላ የመጣውም ከዚያው ነው። «እንግዲያው የእኔ ሥራ ልጅ ነው» አሉኝ ጨርቁን እየዳበሱ።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለዚህ ነገር የተመቹ አይደሉም። በጋው ነፋስ የለውም፤ ዛፉ ብዙ ነው፤ ሜዳው ሁሉ አጥርና የመብራት ምሰሶ አለው። ደህና ነፋስ የሚገኘው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ብርድ ይዞ የመጣው ዝናብ ባለፈ ማግስት፣ ከሰሜን ምዕራብ ነው። እሱም ይቆራረጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሲነዳ ግን ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1980 ለእርሻ ብሎ የጠበቀው 93,000 ኤከር መሬት አለ። እዚያ፣ ፑልስቪል አቅራቢያ፣ ለግቢ የሚሸጥ ሣር የሚያበቅል ገበሬ ሣሩ ታጭዶ በተነሣበት ሜዳ ላይ እንድንለማመድ ፈቀደልን። ከወዲያ ማዶ ሹገርሎፍ ተራራ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ሜዳው ላይ አንድም ዛፍ የለም።

በሚያዝያ 2013 መጀመሪያ ላይ ጋሼ «ዛሬ ተቀመጥ» አሉኝ።

ሄልሜቴን አሰርኩ፤ የእጅ አንጓዬን ጠፍር ሁለት ጊዜ ፈተሹት። ጋሪው ላይ ስቀመጥ መሬቱ ከወገቤ ስር ነበር፤ የሣሩ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነው። እግሮቼን ዘርግቼ የፊት ጎማው ግራና ቀኝ ባሉት መርገጫዎች ላይ አሳረፍኳቸው። ካይቱ ቀትር ላይ ቆሟል፤ ገመዶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ያፏጫሉ። ጋሼ ከኋላዬ ወደ ነፋሱ ወገን ቆመው «ወደ ሠርክ፣ በዝግታ» አሉ። ካይቱን ወደ ቀኝ ዝቅ አደረግሁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ክንዶቼ ተወጠሩ፤ ጀርባዬ መቀመጫውን ተጫነ፤ ጎማዎቹ እርጥቡ ሣር ላይ ፍሽ ማለት ጀመሩ። እየሄድኩ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ እግሬ ነው። ቀኝ እግሬን ስገፋ ጋሪው ወደ ግራ ዞረ፤ ልክ እንደ ሽሮ ሜዳው። ያንን ማንም አላስተማረኝም። እጄ ወራት የፈጀበትን እግሬ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያውቀው ኖሯል። በእግሬ ሳላስብ ስለምዘውር ዓይኔን ካይቱ ላይ ማሳረፍ ቻልኩ፤ ጀማሪን የሚጥለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎማውን ማየቱ ነው።

ሜዳው አለቀ፤ መዞር ነበረብኝ። እዚያ ላይ ወደቅሁ። መዞር የሚጀመረው ከካይቱ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ቀትር ታወጣዋለህ፣ ወደ ማለዳ ታሻግረዋለህ፣ ጎማው ይከተለዋል። እኔ ጎማውን አስቀደምኩ። ጋሪው ወደ ካይቱ ሮጠ፣ ገመዶቹ ላሉ፣ ጨርቁ እንደ ቆሰለ ወፍ ተጣጠፈ፤ ወዲያው ነፋስ መልሶ ሲሞላው በጎኔ ገለበጠኝ። ጋሼ ሲደርሱ እጀታዎቹን ለቅቄ ነበር፤ ጠፍሩ ፍሬኑን ስቦ ካይቱን ሣሩ ላይ አስተኝቶታል። ጨርቁን አዩ፣ ጠፍሩን አዩ። «ይኸው፣ ሠርቷል» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ወደቅሁ፤ ሁልጊዜም መዞሪያው ላይ። አመሻሹ ላይ አንዴ፣ ቀጥሎም ሁለቴ፣ ሳልወድቅ ዞሬ ተመለስኩ።

በሚቀጥሉት ሳምንታት የተማርኩት ነገር እስከ አሁን ያስደንቀኛል። ነፋሱን ጎንህ ላይ አድርገህ ፍጥነት ስትጨምር ነፋሱ ከፊትህ የሚመጣ ይመስልሃል፤ ይበረታልም። ጋሪው ራሱ የሚሠራው ነፋስ ከእውነተኛው ጋር ይደመርና ካይቱን የበለጠ ያስጎትተዋል። በዚህ ምክንያት ጥሩ ነጂ ከሚነዳው ነፋስ ፈጥኖ መሮጥ ይችላል። ለማመን ይከብዳል። ጋሼ ግን አልከበዳቸውም። «አውሮፕላን ምን ይመስልሃል? ነፋስ አይጠብቅም፤ እየሮጠ ይሠራዋል» አሉኝ። ደብረ ዘይት የኖሩ ሰው ናቸው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ፖኮክ የሚባል የእንግሊዝ ብሪስቶል የትምህርት ቤት መምህር በ1826 በሁለት ካይት የሚሳብ ሠረገላ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። የመንገድ ቀረጥ የሚከፈለው በፈረስ ቁጥር ስለነበር ቀረጥ ተቀባዮቹ ፈረስ የሌለውን ሠረገላ የሚያስከፍሉበት ደንብ አጡ። ዛሬ የምንቀመጥበትን ዓይነት ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ በ1990 ገደማ ለዓለም ያዳረሰው የኒውዚላንዱ ፒተር ሊን ነው። ጋሼን የበለጠ የያዛቸው ግን የራሳቸው ሰፈር ታሪክ ነበር። ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ ራስጌ ያለው፣ ዛሬ የጆርጅ ዋሽንግተን የሜሶኖች መታሰቢያ ግንብ የቆመበት ጉብታ ሹተርስ ሂል ይባላል። ሐምሌ 30 ቀን 1909፣ እንደ አሜሪካኑ አቆጣጠር፣ ኦርቪል ራይት መቶ አለቃ ቤንጃሚን ፉሎይስን አጠገቡ አስቀምጦ ከፎርት ማየር ተነሣ፤ ሹተርስ ሂልን ዞሮ ተመለሰ። ደርሶ መልሱ አሥር ማይል፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 42.5 ማይል ነበር። የአሜሪካ ጦር የመጀመሪያውን አውሮፕላን የገዛው በዚያ ፈተና ነው። «እኔ ባቡር በምጠብቅበት ላይ ዞሯል ማለት ነው» አሉ ጋሼ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ላይ ሲቆሙ ቀና ሳይሉ አይቀሩም ነበር።

በሦስተኛው ጸደይ ላይ፣ አንድ ቀን ነፋሱ ሳይቆራረጥ ሲነፍስ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ጋሪው ላይ ተቀመጡ። ቀድመው አልነገሩኝም። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሄልሜቱን አሰርኩላቸው፤ ጠፍሩን እሳቸው እንደሚያደርጉት ሁለት ጊዜ ፈተሽኩት። ካይቱን ወደ ሠርክ አወረዱና ሄዱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆመው ያዩትን ሁሉ እጃቸው ያውቀው ነበር። ሜዳው ጫፍ ደርሰው ካይቱን ወደ ቀትር አወጡ፣ አሻገሩ፣ ዞሩ፣ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸውን ያኔ ያየሁትን ያህል ክፍት ሆኖ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። «የግራው የታች ገመድ አጥሯል፤ አርዝመው» አሉኝ። እውነትም ሁለት ጣት ያህል አጥሮ ነበር።

ሁልጊዜ ስንጨርስ እናጥፋለን። ቢመሽም፣ ቢበርድም፣ ዝናብ ቢያስፈራራም። መጀመሪያ እሳቸው ብቻ ነበሩ የሚፈርሙት። በሁለተኛው ዓመት አንድ ማታ ቲኬቷንና እስክሪብቶውን ዘረጉልኝ። አጠፍኩ። ፈቱና እንደገና አስጠፉኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳጥፍ ዝም አሉ፤ ያኔ ስሜን ጻፍኩ። ጋሪው ላይ መጀመሪያ ከተቀመጥኩበት ቀን ይልቅ ያ ማታ ይበልጥብኛል።

በ2016 የመኪና ማቆሚያው ሒሳብ መቀበያ በማሽን ተተካ። የመስታወቷ ክፍል ባዶዋን ቀረች። ጋሼ ብዙም አላመነቱ፤ የጡረታ ወረቀታቸውን ጨርሰው ቢሾፍቱ (የድሮዋ ደብረ ዘይት) ወዳለችው እህታቸው ዘንድ ለመሄድ ቆረጡ። ዳለስ ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ሜትር ካሬዋን ትንሽ ካይት ሻንጣቸው ውስጥ፣ በልብሳቸው መሐል፣ አጥፈው ይዘዋት ሄዱ። ከደረሱ በኋላ በስልክ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል እንደሚነሣ፣ የሰፈሩ ልጆችም «ቀትር» ሲባሉ ወዲያው እንደሚገባቸው ነገሩኝ።

የእኔ ከረጢት ሲልቨር ስፕሪንግ ጓዳዬ ውስጥ ነው። ወረቀቶቹን አንዱንም አልጣልኩም። ዛሬ 64 ናቸው፤ 38ቱ በጋሼ እጅ የተጻፉ ናቸው። የመጨረሻዋን የጻፈችው እዚህ አገር የተወለደችው የአሥራ አምስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት። ሁለት ጊዜ አስፈትቻታለሁ። ሦስተኛው ላይ በፊደል «አጣፊ» ብላ ጽፋ ፈረመች።